እንዴት ይሠራል? የዜግነት ፎርሙና የ50 ዶላሩ ልዩነት

አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ከያዙ አምስት ዓመት ሊሞላዎት ነው እንበል። ራት ተበልቶ ጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ሊጀምሩ ተቀመጡ። ገና ስምዎን እንኳ ሳይጽፉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይመጣል፤ በኦንላይን ወይስ በወረቀት?

እስቲ ዋጋውን ይዩት። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ በኦንላይን የሚያመለክት 710 ዶላር ይከፍላል፤ በወረቀት የሚልክ ደግሞ 760 ዶላር። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፎርሙ የሚያውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ።

ጥያቄዎቹ አንድ ናቸው። ፈተናውም መሐላውም አንድ ነው። ታዲያ ይህች 50 ዶላር የምን ናት?

የጸሐፊ ሥራ ናት ማለት ይቻላል። በኦንላይን ሲሞሉ መልስዎን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያስገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት። በወረቀት ሲልኩ ሌላ ሰው ፖስታውን ከፍቶ፣ ወረቀቱን አይቶ፣ ስካን አድርጎ ያስገባልዎታል። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ሥራ ላሳረፈው ሰው 50 ዶላር ይቀንስለታል።

ጤፍ ወፍጮ ቤት ሲሄድ ያስቡት። ቤት ነፍተውና አበጥረው መውሰድ ይችላሉ፤ እንዳለ ጭነው ወስደው እዚያ እንዲታይም መተው ይችላሉ። ዱቄቱ ያው ነው። ልዩነቱ ጠጠሩ የት ይገኛል የሚለው ላይ ነው። ቤት ከተገኘ ለቅመው ይጥሉታል፤ እዚያ ከተገኘ ጆንያው ሳይፈጭ ይመለሳል።

የሁለቱን መንገድ ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን ይህን አንድ ጥያቄ ይዘው ይጓዙ፤ ስህተቴ የሚገኘው የት ነው?

ፖስታው የት ነው የሚገባው?

ብዙ ሰው የላከው ፖስታ በቀጥታ የኢሚግሬሽን ሹም ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። አያርፍም። መጀመሪያ የሚደርሰው ሎክቦክስ የሚባል ቦታ ነው። ዘዴው ከባንክ ዓለም የመጣ ነው። ክፍያ በፖስታ የሚጎርፍለት ድርጅት ፖስታውን ራሱ መክፈቱን ትቶ፣ ባንክ ከፍቶ ገንዘቡን እንዲያስገባለትና ወረቀቱን እንዲያስተላልፍለት ያደርጋል። የኢሚግሬሽኑም ሎክቦክስ የሚሠራው በአሜሪካ ግምጃ ቤት በተወከለ ባንክ አማካይነት ነው።

እዚያ ያሉት ሠራተኞች «ይህ ሰው ለዜግነት ይበቃል?» ብለው አይመረምሩም። የሚያዩት ጥቂት ነገር ነው። ፊርማ አለ? ክፍያው ልክ ነው? የፎርሙ እትም ያልተሻረ ነው? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ፖስታው እንዳለ ይመለሳል። ይህ ተከለከሉ ማለት አይደለም፤ ገና አልመጡም ማለት ነው። ማመልከቻዎ እንደገባ የሚቆጠርበት ቀን አይኖረውም።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። ቤት ውስጥ ዘመድ የሰጠዎት የቆየ ኤን-400 ካለ ያውጡትና የገጹን ግርጌ ይመልከቱ። ትንሽ ቀን ተጽፎ ያገኛሉ፤ የእትሙ ቀን ነው። ከዚያ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩት። ቀኖቹ ካልገጠሙና የድሮው መቀበሉ ካቆመ፣ ያ ወረቀት ቢሞላም ዋጋ የለውም። በ2014 የወጣው ፎርም 21 ገጽ ነበር፤ የ2024ቱ ወደ 14 ገጽ ወርዷል። ፎርሙ ይቀያየራል፤ ጓዳ ያስቀመጡት ወረቀት ግን መሻሩን አይነግርዎትም።

የአድራሻው ነገርም ያስገርማል። ፎርሙን በመንግሥት ፖስታ ቤት ሲልኩ አንድ አድራሻ፣ በፌዴክስ ወይም በዩፒኤስ ሲልኩ ሌላ አድራሻ ነው የሚሰጥዎት። ፌዴክስ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ውስጥ ማስገባት ስለማይችል ነው። በዚያ ላይ አድራሻው እንደሚኖሩበት ግዛት ይለያያል። ጓደኛዎ ከቴክሳስ የላከበትን አድራሻ ሜሪላንድ ተቀምጠው አይገልብጡ።

ወረቀቱን በስቴፕለር መምታት፣ በፕላስቲክ ሽፋን መክተት፣ ስህተት ሲገኝ በነጭ ቀለም መሸፈን፣ ቁም ነገሩን በማድመቂያ ቀለም ማስመር ለእኛ የጥንቃቄ ምልክት ነው። ለስካነሩ ግን ጣጣ ነው። እያንዳንዱ ገጽ በማሽን ውስጥ ያልፋል፤ ስፒሉ ያደናቅፈዋል፣ ያደመቁትም ጽሑፍ ጠቁሮ ሊወጣ ይችላል። በጥቁር ቀለም ይጻፉ፣ ገጾቹን በቅደም ተከተል ይደርድሩ፣ በቃ። ጂ-1145 የምትባለዋን አንድ ገጽ ፎርም ከላይ ካስቀመጡ ደግሞ ፖስታው ተቀባይነት ሲያገኝ በቴክስት ወይም በኢሜይል ይነገርዎታል።

ስክሪኑ የሚያውቀውና የማያውቀው

በኦንላይኑ መንገድ ሎክቦክስ የለም። የሎክቦክሱን ሥራ ስክሪኑ ራሱ ይሠራል፣ ያውም እርስዎ ፊት።

ፎርሙ ሁልጊዜ የጊዜው እትም ነው። ሳይፈርሙ ማስገባት አይቻልም፤ ፊርማውም ስምዎን በመተየብ ነው። ክፍያው ላይ ካርድዎ እንቢ ቢል እዚያው ያዩታል፣ ሌላ ካርድ ይሞክራሉ። በወረቀት ልከው ካርዱ ሎክቦክስ ደርሶ እንቢ ካለ ግን ድጋሚ አይሞከርልዎትም፤ ፖስታው ይመለሳል።

ጥያቄዎቹም እንደ መልስዎ ይታጠፋሉ። አግብቼ አላውቅም ካሉ ስለ ትዳር ጓደኛ የሚጠይቀው ገጽ አይመጣም። ወረቀቱ ግን ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ ያገባውም፣ ያላገባውም፣ ወታደሩም፣ ጡረተኛውም ያንኑ 14 ገጽ ያገላብጣል።

ይህንንም መሞከር ይችላሉ፣ አያስከፍልም። አካውንት ይክፈቱ፣ ፎርሙን ይጀምሩ፣ ሁለት ገጽ ሞልተው ይውጡ። ነገ ሲመለሱ ካቆሙበት ያገኙታል። ረቂቁ የሚቆየው ግን ለመጨረሻ ጊዜ ከነኩት ቀን አንሥቶ 30 ቀን ነው። ጾም ሲገባ ጀምረው ለፋሲካ እጨርሳለሁ ብለው ካስቀመጡት ጠፍቶ ይጠብቅዎታል።

እንግዲህ ስክሪኑ ባዶ ቦታን ያውቃል። ውሸትንና ስህተትን ግን አያውቅም። ይህ ለእኛ ሰው በጣም አስፈላጊ ነው፤ ሁለት ምሳሌ ልስጥዎት።

መጀመሪያ ቀን። የጋብቻ ወረቀትዎ ሐምሌ 20 ቀን 1995 ይላል እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 27 ቀን 2003 ነው። እርስዎ ፎርሙ ላይ 1995 ብለው ቢሞሉ ስክሪኑ ምንም አይልም፤ ለእሱ ትክክለኛ ቁጥር ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ያገቡ ያደርግዎታል፤ ምናልባት የመጀመሪያውን ትዳር ሳይፈቱ። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መደመርዎን በወረቀት ጫፍ ላይ አስልተው ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ስም ነው። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብለን የምንጽፈው እኛ፣ የቤተሰብ ስም በሚጠይቅ ሣጥን ፊት ስንቀርብ አንዳንዱ አባቱን አንዳንዱ አያቱን ይጽፋል። ግሪን ካርድዎ ላይ ያለውን አደራደር ይከተሉ፤ ሌላ ቦታ የተጻፉትን ስሞች «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚለው ሥር ያስገቡ። በኦንላይን የተየቡት ፊደል ማንም ሳይነካው ይገባል፤ በእጅ የጻፉት ግን የሌላ ሰው ዓይን ያነበበው ሆኖ ነው የሚገባው። ደረሰኝ ሲመጣ በመጀመሪያ የስምዎን ፊደል ይቁጠሩ።

ቀኑ ከየት ነው የሚቆጠረው?

ግሪን ካርድዎን ያውጡ። «ነዋሪ ከሆኑበት ጊዜ ጀምሮ» የሚል ቀን ያገኛሉ። በዲቪ የመጣ ሰው ከሆኑ አውሮፕላን ማረፊያ የገቡበት ቀን ነው።

ለምሳሌ ኦክቶበር 8 ቀን 2021 ቢል አምስት ዓመቱ ኦክቶበር 8 ቀን 2026 ይሞላል። ሕጉ 90 ቀን ቀድሞ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፣ ጁላይ 10 ቀን 2026 ይሆናል። ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር ተጋብተው አብረው እየኖሩ ከሆነ አምስቱ በሦስት ይተካል፣ ትዳሩና የትዳር ጓደኛዎ ዜግነትም ሦስት ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። ቆጠራው ግን ያው ነው። በሦስት ወር አይቀንሱት፤ 90 ቀንና ሦስት ወር አንድ አይደሉም። በአንድ ቀን መቅደምም ዋጋ ያስከፍላል።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መንገዶች በግልጽ የሚለያዩት። በኦንላይን የማመልከቻዎ ቀን አስገባ የሚለውን የተጫኑበት ቀን ነው፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ። በወረቀት ግን ፖስታ ቤት የሄዱበት ቀን አይደለም፤ ሎክቦክስ የተቀበለበት ቀን ነው።

ሁለት ቀን ምን ለውጥ ያመጣል እንዳይሉ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያመለክት ሰው አዲሱን የሥነ ዜጋ ፈተና ይፈተናል፤ ከ128 ጥያቄዎች እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ከዚያ ቀን በፊት ያመለከተ ግን የድሮውን ነው፤ ከ100 ጥያቄዎች እስከ 10 ተጠይቆ 6 ከመለሰ አለፈ። ቅዳሜ ኦክቶበር 18 ማታ በስልኩ ያስገባ ሰው የድሮው ፈተና ደረሰው። ከእሱ ቀድሞ ዓርብ ፖስታ ቤት የሄደው፣ ፖስታው ሰኞ ከደረሰ፣ አዲሱ ፈተና ደረሰው።

ቀን ከተነሣ አይቀር ፓስፖርትዎንም ያምጡት። ፎርሙ ባለፉት አምስት ዓመታት ከ24 ሰዓት በላይ ከአሜሪካ የወጡበትን ጉዞ ሁሉ ይጠይቃል። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ሄደው ጃንዋሪ 3 ወጥተው ጃንዋሪ 20 ቢመለሱ ስንት ቀን ነው? ብዙ ሰው 17 ወይም 18 ይላል። የወጡበትና የተመለሱበት ቀን አሜሪካ እንደነበሩ ስለሚቆጠር 16 ነው። ሁሉንም ጉዞ እንዲህ ደምረው ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 913 ቀን አሜሪካ ውስጥ መኖርዎን ያረጋግጡ፤ በሦስት ዓመቱ መንገድ 548 ቀን ነው። ከስድስት ወር ያለፈ አንድ ጉዞ ካለ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ከማስገባትዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያናግሩ።

ወረቀት የሚያተርፈው መቼ ነው?

እስካሁን ያነበበ ሰው ኦንላይን ይሻላል ብሎ ሳይደመድም አይቀርም። ቆይ።

የ710 እና የ760 ዶላሩ ወሬ ሦስተኛውን ዋጋ ሸፍኖታል። የቤተሰብ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ ከ400 በመቶ የማይበልጥ ሰው 380 ዶላር ብቻ ከፍሎ ማመልከት ይችላል። 400 በመቶ ማለት ከመለኪያው አራት እጥፍ ነው፤ ልጆች ያሉት፣ ሁለቱም ወላጆች የሚሠሩበት ቤት ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ይውላል። ድሃ አይደለሁም ብለው ሳያሰሉ አይለፉት።

ከዚያም የባሰ የተቸገረ አለ። ገቢው ከመለኪያው 150 በመቶ የማይበልጥ፣ ወይም እንደ ሜዲኬይድና ፉድ ስታምፕ ያለ በገቢ የሚሰጥ ድጋፍ የሚያገኝ ሰው በአይ-912 ፎርም ጠይቆ ክፍያው በሙሉ ሊነሣለት ይችላል።

ለብዙ ዓመታት እነዚህን ይዞ የሚመጣ ሰው የሚስተናገደው በወረቀት ብቻ ነበር። በወረቀቱ ፎርም ውስጥ የቅናሹ ጥያቄ የራሱ ክፍል አለው። ስለዚህ በኦንላይን የክፍያው ገጽ ላይ ደርሰው ካርድዎን ከማውጣትዎ በፊት ቅናሹን የሚጠይቁበት ቦታ መኖሩን ይፈልጉ። ከሌለ ወደ ወረቀቱ ይመለሱ። 50 ዶላር ለማትረፍ ብሎ 330 ዶላር መክሰር የለም።

ወረቀትን የሚመርጡ ሰዎች ሌላው ምክንያት ቼክ ነበር። «ካርድ የለኝም፣ መኒ ኦርደር ገዝቼ አያይዛለሁ» ይላሉ። ይህ ምክንያት አሁን ከስሟል። ከኦክቶበር 28 ቀን 2025 በኋላ በወረቀት የሚያመለክት ሰውም በመደበኛው አሠራር የሚከፍለው በጂ-1450 ፎርም በካርድ፣ ወይም በጂ-1650 ፎርም በቀጥታ ከባንክ ሒሳቡ ነው። የባንክ ሒሳቡን የመረጠ ሰው ገንዘቡ እስኪነሣ ድረስ ሒሳቡ ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።

ወረቀት የሚሻልበት ሌላም ሁኔታ አለ፤ የራሳቸው ኢሜይል የሌላቸው ሰዎች። እናትዎን ያስቡ። አካውንቱ የሚከፈተው በኢሜይል ነው፤ በገቡ ቁጥርም ማረጋገጫ ቁጥር ይላካል። ያ ኢሜይልና ስልክ ፎርሙን የሚሞላላቸው ሰው የራሱ ከሆነ የእናትዎ ጉዳይ ቁልፍ በእሱ ኪስ ነው ማለት ነው። የአሻራ ቀጠሮ፣ የቃለ መጠይቅ ቀን፣ ተጨማሪ ማስረጃ አምጡ የሚል ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ እሱ ስልክ ቢቀይር ወይም ቢኮራረፉ መግቢያው ይጠፋል።

ስለዚህ ሌላ ሰው ቢያግዝዎትም ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ የራስዎ ይሁኑ። ገንዘብ ተቀብሎ የሚሞላልዎት ሰው ስሙን በአዘጋጅ ቦታ ላይ ጽፎ መፈረም አለበት፤ አልፈርምም ካለ ተነሥተው ይሂዱ። በየከተማው በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የተሰጣቸው ተወካዮች ያሏቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶች አሉ፤ በትንሽ ዋጋ ወይም በነጻ ይሠራሉ።

ማስረጃው ጠረጴዛው ላይ

ወረቀት የሚልክ ሰው የግሪን ካርዱን፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ወረቀቱን ኮፒ ያያይዛል። ኦንላይን የሚያመለክት ፎቶ አንሥቶ ያስገባል። ቀላል ይመስላል፤ ይሞክሩትና ይዩ።

የጋብቻ ወረቀትዎን ማታ ከአምፖሉ ሥር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና በስልክዎ ያንሡት። የራስዎ ጥላ ወድቆበታል፣ ማኅተሙም አብረቅርቋል። ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ መልሰው ያንሡት። አሁን ሁለቱን ፎቶዎች በጣትዎ አጉልተው በማኅተሙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የጠዋቱ ይነበባል። እርስዎ ማንበብ ያልቻሉትን ሹሙም አያነበውም።

ፋይሉ በጄፔግ፣ በፒዲኤፍ ወይም በቲፍ ዓይነት ሆኖ ከ12 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም፤ በይለፍ ቃልም መቆለፍ የለበትም። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ከሆነ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ ከዚያም ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን የፈረመበት መግለጫ ይጨመርበታል። ይህ ለወረቀቱም መንገድ ያው ነው።

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት

ማመልከቻው ገብቷል። ቀጥሎ ደረሰኝ ይመጣል፤ በላዩ 13 ፊደልና ቁጥር አለ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወይም መሳቢያ ውስጥ ያለ የድሮ የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ያውጡና መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሦስት ፊደሎች ይመልከቱ። ኢ-ኤ-ሲ ከሆነ ቨርሞንት፣ ኤል-አይ-ኤን ከሆነ ኔብራስካ፣ ኤስ-አር-ሲ ከሆነ ቴክሳስ፣ ደብልዩ-ኤ-ሲ ከሆነ ካሊፎርኒያ የተያዘ ጉዳይ ነበር። ከፊደሎቹ ቀጥለው ያሉት ሁለት ቁጥሮች ኦክቶበር 1 የሚጀምረውን የመንግሥት በጀት ዓመት ይናገራሉ። አይ-ኦ-ኢ የሚል ከሆነ ግን ቦታ አይጠቁምም፤ ጉዳዩ በኤሌክትሮኒክሱ ሥርዓት ውስጥ ነው ማለት ነው።

አስገራሚው ነገር በወረቀት የላከውም ሰው ጉዳይ ስካን ተደርጎ እዚሁ ሥርዓት ውስጥ መግባቱ ነው። ኤሊስ ይባላል። በ2016 የዜግነት ጉዳዮችን በእሱ ሲጀምሩ ችግር ስለበዛበት ወደ ቀድሞው ሥርዓት ተመልሰው ነበር፤ አሁን ግን ዋናው መንገድ ሆኗል። ለዚህም ነው በወረቀት ያመለከተ ሰው በኋላ የመግቢያ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ የሚደርሰውና ከፈለገ ጉዳዩን ከኦንላይን አካውንት ጋር የሚያገናኘው። በወረቀት ጀምሮ በስልክ መከታተል ይቻላል።

ወደ ኋላ ያለው ወረቀትዎም ይጠራል። ወደ አሜሪካ ሲገቡ የሞሉት፣ ጥገኝነት የጠየቁበት፣ ግሪን ካርድ የወሰዱበት ሁሉ ኤ-ፋይል በሚባል መዝገብ ተቀምጧል። ብዙው መዝገብ የሚኖረው ሊስ ሰሚት በምትባል የሚዙሪ ከተማ፣ ከመሬት በታች በተፈለፈለ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ ለወረቀት ይስማማል። ሹሙ የዛሬውን መልስዎን ከዚያ መዝገብ ጋር ያስተያያል። ያኔ ያላገባሁ ነኝ ብለው ዛሬ ከዚያ በፊት የተጻፈ የጋብቻ ቀን ቢያስገቡ፣ በኦንላይንም በወረቀትም ጥያቄው አይቀርም።

የጥበቃው ጊዜም በገቡበት በር አይለይም። ኦንላይን መጀመሪያ ላይ የፖስታውን ቀናት ያድናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወረፋ የሚወሰነው በሚኖሩበት አካባቢ ቅርንጫፍ ነው። በድረ ገጹ ላይ የባልቲሞርን፣ የሲያትልንና የዳላስን ግምት አስተያይተው ይመልከቱ።

ሌላም የማይለወጥ አለ። ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 ወዲህ ኤን-400 ያስገባ ሰው ግሪን ካርዱ ጊዜው ቢያልፍበት ደረሰኙ 24 ወር ያራዝምለታል። ዕድሜያቸው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ሰዎች ቃለ መጠይቁንና የሥነ ዜጋውን ፈተና በአስተርጓሚ በአማርኛ ማድረግ ይችላሉ። አድራሻ የቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። በአገር ቤት ሕግም፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ለዚህ ሁሉ ማመልከቻው የገባበት በር አይጠየቅም።

ታዲያ የትኛው?

ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጥያቄ ይጻፉ። የክፍያ ቅናሽ ወይም ነጻ ማመልከቻ ይገባኛል? የራሴ ኢሜይልና ሌላ ሰው የማይይዘው ስልክ አለኝ? ማስረጃዎቼን በሚነበብ ፎቶ ማስገባት እችላለሁ?

ለመጀመሪያው መልስዎ አዎ ከሆነና ኦንላይኑ ቅናሹን የሚጠይቁበት ቦታ ካልሰጠዎት፣ ወረቀት ይምረጡ። ለሁለተኛው መልስዎ የለኝም ከሆነም ወረቀት ይሻላል፤ ወይም መጀመሪያ የራስዎን ኢሜይል ይክፈቱ። ለሦስተኛው አልችልም ካሉ ኮፒ አስነሥተው በወረቀት ይላኩ። አንዱም እንቅፋት ከሌለብዎት ኦንላይን ይሂዱ፤ ርካሽ ነው፣ ቀኑ በእጅዎ ነው፣ የጎደለውም ሳይላክ ይታያል። በወረቀት ከሄዱ የእያንዳንዱን ገጽ ኮፒ፣ በኦንላይን ከሄዱ ያስገቡትን ፎርም ፋይል ያስቀምጡ።

አሁን አስገባ የሚለውን ከመጫንዎ ወይም ፖስታውን ከማሸግዎ በፊት የመጨረሻውን ሙከራ ያድርጉ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው፣ ልጅዎም ቢሆን፣ የሞሉትን ፎርም ይያዝ። እርስዎ ወረቀቱን ሳያዩ እሱ እንደ ሹም ይጠይቅዎት። የት ይኖራሉ? መቼ አገቡ? ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ ከአገር ወጡ? ታክስ ሳያስገቡ የቀሩበት ዓመት አለ? ታስረው ያውቃሉ? በቃለ መጠይቁ ቀን የሚሆነው ይኸው ነው፤ ሹሙ በመሐላ አስቀምጦ ፎርሙን ከላይ እስከ ታች ያወርደዋል። በአፍዎ የመለሱትና የተጻፈው ያልገጠመበት ቦታ ካለ ያንን ያርሙ፤ ያን ስህተት ሎክቦክሱም ስክሪኑም አያገኝልዎትም።